የአርብ ከሰዓት ናሙና

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "ሽንት አያለሁ" ነው የምለው። ደምም አያለሁ፣ ሰገራም አያለሁ፤ ሽንት ስል ግን ጠያቂው ፊቱን ያጨማድድና ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። እኔም ወሬ ሲያጥር ደስ ይለኛል። ይቺን ግን አላሳጥራትም። ስለ ወንድሜ ስለ ጳውሎስ ናትና ታገሱኝ።

ዘመኑ ኢሕአዴግ ከገባ ዓመታት ያለፉበት፣ ሞባይል ግን ገና እኛ ዘንድ ያልደረሰበት ነው። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሐኪም ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነበርኩ። ወጣት ሴት ነኝ፣ አላገባሁም፣ ምላሴ ደግሞ አያድርስ ነው። ከታላቅ ወንድሜ ከጳውሎስ ጋር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እናታችን ሆመቾ ከእንሰቷ ጋር ቀርታለች፤ ከተማ ኑሪ ብንላት በጄ አላለችም።

ጳውሎስ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ቀቢ ነበር። እሱ የቀባው ቁም ሳጥን ላይ ፊትህን እያየህ ጢምህን ትላጫለህ ይባልለታል። ሌሎቹ አናጺዎች የእንጨት ሥራ ቤቱ ግቢ ውስጥ አየር ላይ ሲሠሩ፣ እሱ ግን ከጓሮ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው። መስኮቷ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ በሯም ይዘጋል። እርጥብ ቫርኒሽ ላይ አቧራ ካረፈ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነዋ። ቫርኒሹን በቲነር ያቀጥናል፣ በመርጫ ይነፋል፣ የነፋውን መልሶ ይተነፍሳል። አፉ ላይ ሻሽ ያስራል፤ ሻሹ ምን እንደሚያስቀርለት እግዜር ይወቅ።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር፣ ኳየር ውስጥ ይዘምራል። ድምፁ ወፍራም ነው። ደግሞም ታጭቷል። እጮኛው ታደለች ትባላለች፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የአቶ ኤርጫፎ ልጅ ናት። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የኛን ነገር የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፦ በኛ ቤተ ክርስቲያን መጠጥ የቀመሰ ምዕመን ይታገዳል። ከኳየር ይወጣል፣ ሰውም በሌላ ዓይን ያየዋል፣ ትዳሩም ይሰናከላል።

እንግዲህ ጳውሎስ በዚያ ዓመት መንገዳገድ ጀመረ።

ማታ ከሥራ ሲመለስ ግድግዳ ይዞ ነው የሚመጣው። ምላሱ ይተሳሰራል። እራት በልቶ ሲያበቃ "እራት የለም እንዴ?" ይለኛል። በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ "ሆድህ ቀዳዳ ነው" ብዬ ሳቅኩበት። ኋላ ግን እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳቄ ጠፋ። ለቅሶ ቤት ሄደን፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲጸልይ፣ እሱ ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። ጎኑን ቆነጠጥኩት፤ "ምን አደረግኩሽ?" አለኝ። መሳቁን ራሱ አያውቅም።

በሳምንቱ አቶ ኤርጫፎ ቤታችን መጡ። መልካም ሰው ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትፈርዱባቸው ነው።

"ጳውሎስ ልጄ፣ በጌታ ፊት እጠይቅሃለሁ። ትጠጣለህ?"

"አልጠጣም ጋሼ።"

"ትናንት ማታ አጥር ተደግፈህ ስትሄድ ያየሁህ እኔው ነኝ። ሰው ነግሮኝ ቢሆን ባላመንኩ።"

"እሱማ ያዞረኛል። ይደክመኛል።"

"ድካም ለቅሶ ቤት ያስቃል እንዴ?"

ጳውሎስ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መቼ ዝም እላለሁ፤ "ቲነሩ ነው ጋሼ!" አልኩ። "በተዘጋ ክፍል ሲተነፍሰው ይውላል። የሚያሰክረው እሱ ነው።"

"ሽታ ሰው ያሰክራል?"

"ያሰክራል። ምልክቱም በሽንት ይወጣል፤ ይመረመራል። እኛ ጋ መሣሪያው የለም፣ አዲስ አበባ ግን አለ።"

 እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ "እሺ፣ ይመረመር። እስከዚያ ከኳየር ይረፍ፣ ሠርጉም ይቆይ። ጸሎት ቤት ገብቶ ሦስት ቀን ይጹም። ጾሙ ሲያበቃ ሽንቱን እዚያው፣ እኔ ባለሁበት ይስጥ። ነገ ሰው 'እህትየው ላብራቶሪ አይደለች፣ ቀይራው ነው' እንዳይል። ለእናንተም የሚበጀው ይኼ ነው።"

ጉዳዩ የእግዚአብሔር ነው፣ ከእግዚአብሔር ቤት ይጀመር። ምስክር ያስፈልጋል፣ ምስክሩ ሽማግሌ ይሁን። በኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ አሠራር የለም። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ።

ጳውሎስ ከሥራ ቀርቶ ጸሎት ቤት ገባ። እማ ከሆመቾ መጥታ ልብሱን አጠበችለት፣ ገላውንም አስታጠበችው። ጾሙ ሲያልቅ ልጁን ባያችሁት! ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ዓይኑ ጠርቷል፣ ምላሱ ተፈትቷል። እማ "ተመስገን" ብላ አለቀሰች። አቶ ኤርጫፎም "ተመስገን" አሉ፤ በሆዳቸው ግን ምን እንዳሉ ፊታቸው ላይ አነበብኩት። ሦስት ቀን መጠጥ ቢያጣ ዳነ፣ ነው ያሉት። የዳነው ሦስት ቀን ንጹሕ አየር ስለተነፈሰ ነው ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል?

ሽንቱን በፊታቸው ሰጠ። እሳቸው ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፈው ፈረሙበት። እኔ ክትባት በሚመላለስበት ሳጥን ውስጥ ከበረዶ ጋር አድርጌ፣ በቡታጅራ በኩል፣ በዚያ አንጀት በሚበጥስ መንገድ አዲስ አበባ ገባሁ። የአውቶቡሱ ረዳት "ሳጥኑ ውስጥ ምንድነው?" ሲለኝ "ሽንት" አልኩት። እስክንደርስ አጠገቤ ሰው አልተቀመጠም።

የኛ ሐኪም የላከኝ አንዲት የኬሚስትሪ ዶክተር ዘንድ ነበር። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴትዮ ናቸው። ናሙናውን ሠርተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህ ሰው የሸናው ምን ሲሠራ ውሎ ነው?"

"ሲጸልይ።"

"ምን አልሽ?"

ነገርኳቸው። ሰምተው በረጅሙ ተነፈሱ። "ልጄ፣ ቲነር ውስጥ ያለው ነገር ጉበት ውስጥ ይለወጥና ሂፑሪክ አሲድ ሆኖ በሽንት ይወጣል። ግን ቶሎ ነው የሚወጣው። በማግስቱ አብዛኛው የለም። እናንተ ደግሞ ሦስት ቀን አሳርፋችሁ፣ አጥባችሁ አመጣችሁት። ይህ የማንም ጤነኛ ሰው ሽንት ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሳምንቱን ሲሠራ ሰንብቶ፣ በመጨረሻው ቀን፣ አርብ፣ ከሥራ ሊወጣ ሲል የሸናውን ነው የምፈልገው። ለስላሳ መጠጥም እንዳይቀምስ። እንዳይበላሽ የሚጨምሩበት ነገር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይኸው ሂፑሪክ አሲድ ይሆናል፤ ውጤቱን ያበላሽብናል። ነገር ግን ልጄ፣ እኔ ብሆን ናሙናውን ትቼ ሰውየውን ከዚያ ክፍል አወጣው ነበር።"

የተባልኩትን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ሆሳዕና ተመልሼ ተናገርኩ። አቶ ኤርጫፎ በትዕግሥት ሰሙኝ። "ማርታ፣ ንጹሕ ነው ካሉ የቲነር ነገር የለበትም ማለት ነው" አሉ። "ወንድምሽ ነው፣ ልብሽ ቢቆረጥ አልፈርድብሽም።" እገዳው ጸና። ታደለችም እኛ ቤት እንዳትመጣ ተከለከለች።

ጳውሎስ ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ አንዷን ነገር ያዘ።

"አርብ፣ ሥራ ሊያልቅ ሲል ነው ያሉሽ?"

"እሱን እርሳው። ከዚያ ክፍል ውጣ ነው የምልህ! ቅርጫት ሽጥ፣ ቆጮ ተሸከም፣ እኔ አበላሃለሁ።"

"አሁን ብወጣ ምን ይባላል? ሰካራም ነበር፣ ሲነቃበት ሸሸ። ታደለች ይህን ስም ይዛ ትኑር?"

"ይባል! አፋቸው ይድከም!"

"አንቺ አፍ አለሽ" አለኝ ፈገግ ብሎ። "እኔ ያለኝ ስም ነው።" ጮህኩበት፣ አለቀስኩበት። በመጨረሻ "እሺ በቃ፣ አትጩሂ፣ እተወዋለሁ" አለኝ። አመንኩት። ዋሽቶኝ አያውቅማ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ሳለ ግቢው ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። አራት ወንዶች በሳንቃ ላይ ሰው ተሸክመው ገቡ። በመጀመሪያ ያየሁት ሱሪውን ነው፤ ጉልበቱ ላይ ቫርኒሽ የደረቀበት የጳውሎስ ሱሪ ነው። ከዚያ በኋላ እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሐኪሙ እየሮጠ መጣና ኦክስጅን አደረገለት። እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ።

አብሮት የሚሠራው አናጺ ታምራት በረንዳው ላይ ቆሞ ያለቅሳል። በእጁ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

"ምን ሆነ ታምራት? ሥራ ትቼአለሁ ብሎኝ ነበር እኮ!"

"ሳምንቱን ሙሉ ገብቷል። እንዳታይው አንቺ ከወጣሽ ነው የሚመጣው፤ ማታም መንገዳገዱ እስኪለቀው ግቢው ውስጥ ይቆያል።"

"እሺ ዛሬስ?"

"ዛሬ ለምሳ እንኳ አልወጣም። ለስላሳ ገዛሁለት፣ 'እህቴ ከልክላኛለች' ብሎ መለሰልኝ። ቅድም እየተንገዳገደ ወጣና እዚህ ጠርሙስ ላይ ሸናልኝ። 'ቀዝቃዛ ነገር ላይ አድርገህ ለማርታ ስጥልኝ' አለኝ። እኔ 'በቃ ወደ ቤትህ ሂድ' አልኩት።" ታምራት አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። "'ትንሽ ልጨምር፣ እንዳያንስ' ብሎ ተመልሶ ገባ። አየር የሚነፋው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ሲጮህ ቆየ፤ የመርጫው ድምፅ ግን የለም። በሩን ስከፍተው መሬት ላይ ወድቋል።"

ጆንያውን ተቀበልኩት። ጠርሙሷ ለብ ትላለች። ወይ ጌታዬ! ያቺ ሙቀት እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለች።

ማምሻውን እማ በጭነት መኪና ከሆመቾ ደረሰች። ጳውሎስ ይተነፍሳል፣ አይነቃም። ሐኪሙ "አንጎሉ አየር አጥቶ ቆይቷል፤ እንጠብቅ" ከማለት በቀር ምንም አላለንም። ጠርሙሷን ላብራቶሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቻታለሁ። ጠዋት አውቶቡስ አለ። እንዴት ትቼው እሄዳለሁ? እኔ ሌላ ቦታ ሆኜ ቢሞትስ?

እማ ነገሩን ሁሉ ከታምራት ሰምታለች። እጁን እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ በሀዲይኛ ተናገረችኝ። "ሂጂ። እኔ እዚህ አለሁ። አንቺ ስሙን አምጪልኝ።"

ሄድኩ። ከመሳፈሬ በፊት ከስልክ ቤት ለዶክተሯ ደውዬ ለምኛቸው ስለነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለኔ ሲሉ ላብራቶሪያቸውን ከፈቱ። ጳውሎስ ያለበትን ስነግራቸው ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው እጃቸውን ታጠቡ፤ እኔንም አጠገባቸው አቆሙኝ።

ቱቦዎች ደረደሩ። በመጀመሪያዎቹ ውስጥ መጠኑ የታወቀ ሂፑሪክ አሲድ ከትንሽ እስከ ብዙ አደረጉ። በአንዷ የራሳቸውን ሽንት አደረጉና "እኔም ሰው ነኝ፣ ትንሽ ይኖረኛል" አሉ። ቀጥሎ ከማቀዝቀዣ ያቺን አቶ ኤርጫፎ የፈረሙባትን ናሙና፣ በመጨረሻ የአርቡን። ራስ የሚበጠብጥ ሽታ ያለው ፈሳሽ ጨመሩ፤ ከዚያ ዓይን የሚያስለቅስ ሌላ ፈሳሽ። ነቀነቁና "አሁን እንጠብቅ፤ አሲዱ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይጠነክራል" አሉ።

ጠበቅን። ቀለሙ ቀስ እያለ መጣ። የዶክተሯ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። የጾሙም እንደዚያው። የአርቡ ግን ቢጫ ሆኖ አልቆመም፤ ብርቱካናማ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ከተደረደሩት ሁሉ ከወፍራሙም በለጠ። ብርሃን አሳልፎ የሚለካው መሣሪያ ማንበብ አቅቶት በውኃ አቅጥነው ደግመው ሠሩት። ሽንቱ ራሱ ወፍሮ እንዳያታልለን፣ ኩላሊት ዘወትር ከሚያስወጣው ሌላ ነገር ጋርም አመዛዘኑት። ያው ነው።

"አልጠጣም ነበር ማለት ነው?" አልኳቸው፤ እኔው እያወቅኩት።

"ይህ ሰው ቲነር ሲተነፍስ ነው የከረመው" አሉ። "ብዙ። ከልክ ያለፈ ብዙ።"

እልል አልኩ። በእናቴ፣ እልል አልኩ! እልልታዬ ሳያልቅ የጠቆረችዋን ቱቦ ደግሜ አየኋት። ያ ሁሉ ወንድሜ ውስጥ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዶክተሯም አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

እሑድ ሆሳዕና ስመለስ ከአውቶቡስ ወርጄ በሩጫ ሐኪም ቤት ደረስኩ። ጳውሎስ ዓይኑን ከፍቷል። ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። "ተገኘ ወንድሜ! ስምህ ተገኘ! አርብ የሰጠኸው በቃ!"

እያየኝ ፈገግ አለ፤ ለእንግዳ ሰው የሚደረግ ፈገግታ ነው። እማን ቀና ብዬ አየኋት። "ከነቃ ጀምሮ እንዲሁ ነው" አለች። "እኔንም 'እትዬ' ይለኛል።"

በቀጣዩ እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን አውጥቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጳውሎስ ፊት ለፊት ከእማ ጋር ተቀምጧል። "ወንድሞችና እኅቶች፣ የዛሬው ምስክርነቴ ስለ ሽንት ነው" አልኩ። አንዱ ሳቀ፤ አንዲት እናት "ኧረ በጌታ ቤት!" አሉ። አልቆምኩም። ስለ ክፍሏ ነገርኳቸው፣ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ጾሙ። የጾሙ ናሙና ለምን ንጹሕ እንደሆነ፣ የአርቡ እንዴት እንደጠቆረ ነገርኳቸው። "እንዳያንስ" ብሎ ተመልሶ የገባውንም ነገርኳቸው። ስጨርስ አሜን የሚል ጠፋ።

አቶ ኤርጫፎ ከሽማግሌዎች ወንበር ተነሡ። ወደ ጳውሎስ ሄደው በዚያ ዕድሜያቸው ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። "ልጄ፣ በደልኩህ። ይቅር በለኝ።" ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ጳውሎስ ደንግጦ ብብታቸውን ይዞ ሊያነሳቸው ታገለ።

"ይነሡ አባባ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል" አላቸው። ከዚያ ወደ እማ ዞሮ፣ ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ "ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?" ብሎ ጠየቀ።

ታደለች ለብዙ ጊዜ እሑድ እሑድ እየመጣች አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። "እቺ ደግ ልጅ" ይላታል፤ ስሟን አያውቅም። በመጨረሻ አባቷ አይደሉም፣ እኔ ነኝ "ይበቃሻል፣ ሂጂ ኑሮሽን ኑሪ" ያልኳት። ዛሬ የልጆች እናት ናት። ደግ አደረገች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከሥራ እየተንገዳገደ የሚመለስ ወንድም፣ ባል ወይም ልጅ ካላችሁ፣ አፉን ከማሽተታችሁ በፊት ሸሚዙን አሽትቱ። የሚውልበትን ክፍል ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። በር ይዘጋል? መስኮት አለው? ምርመራም ከሆነ ሥራ ላይ ውሎ የሸናውን ውሰዱ እንጂ አሳርፋችሁ፣ አጥባችሁ አትውሰዱት። ከሁሉ በፊት ግን ሰውየውን አውጡት። ስም ለኋላ ይቆያል። እኔ አርብ ከሥራ ስወጣ በየእንጨት ሥራ ቤቱ እየዞርኩ መስኮት አስከፍታለሁ። "ያቺ የሽንቷ ሴትዮ መጣች" ይላሉ። ይበሉ፣ ይከፍታሉ።

ጳውሎስ አሁንም ከእኔ ጋር ይኖራል። አላገባሁም፤ ይኸው ሽበት ሁለታችንንም እኩል ጀመረን። ኳየሩን ረስቷል፣ ሆመቾን ረስቷል፣ ስሙን ስንጠራው ብቻ ዞር ይላል። አንዲት ነገር ግን አልረሳም። ማታ ከሥራ ስገባ ደጃፍ ላይ ይጠብቀኛል። በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለላትን ጠርሙስ በሁለት እጁ ያቀብለኛል። ለምን እንደሚሰጠኝ አያውቅም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ብቻ ይጠብቃል።

"በቃ? አላነሰም?" ይለኛል።

"በቃ ወንድሜ፤ አላነሰም" እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤት የሚገባው።